የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርትና የሬዚደንሲ ሥልጠና በአሜሪካ

ኦስቲዮፓቲክ ሕክምና በዩናይትድ ስቴትስ ሙሉ የሐኪምነት ፈቃድ ከሚያስገኙት ሁለት የሕክምና ትምህርት መስመሮች አንዱ ነው። ተመራቂዎቹ «ዲ.ኦ.» የሚል ማዕረግ ይይዛሉ፤ እንደ ሌላው መስመር ምሩቃን እንደ ኤም.ዲ. ሐኪሞች ሁሉ መድኃኒት ያዛሉ፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፣ ያዋልዳሉ፣ በፈለጉት ስፔሻሊቲ ይሠለጥናሉ። ዛሬ በአገሪቱ ካሉት የሕክምና ተማሪዎች ከአራቱ አንዱ ያህል የሚማረው በዚህ መስመር ነው። በአውሮፓ ኦስቲዮፓት የሚባለው ባለሙያ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ በ1993 በወጣ ሕግ የሚተዳደር የእጅ ሕክምና ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አመሠራረት

መሥራቹ አንድሩ ቴይለር ስቲል (1828–1917) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያገለገለ ሐኪም ነበር። በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጣ። በዘመኑ ሐኪሞች እጅ የነበረው ሜርኩሪ፣ ኦፒየምና አልኮል ሲሆን፣ ስቲል ይህ ሁሉ ከማዳን ይልቅ ይጎዳል ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። በ1874 አዲሱን ትምህርቱን ይፋ አደረገ፤ በ1892 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ሴቶችም ነበሩ። የትምህርቱ መሠረት የሰውነት ቅርጽና ተግባር የተሳሰሩ ናቸው፣ አካልም ራሱን የመጠገን አቅም አለው የሚል ነው። ስቲል ለመድኃኒት የነበረውን ጥላቻ ግን ተከታዮቹ ቀስ በቀስ ትተውታል፤ ባይተዉት ኖሮ ዘርፉ ዛሬ የሐኪም ትምህርት አይሆንም ነበር።

እውቅናው የመጣው በየግዛቱ እየተቆራረጠ ነው። ቨርሞንት በ1896 ፈቃድ ስትሰጥ የመጨረሻዋ ሚሲሲፒ እስከ 1973 ቆይታለች። በመካከሉ ዘርፉ ሊጠፋ የተቃረበበት ጊዜ ነበር። በ1962 በካሊፎርኒያ የሁለቱ ወገን የሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው ከ2,000 በላይ ዲ.ኦ.ዎች 65 ዶላር እየከፈሉ ኤም.ዲ. ተባሉ፤ በሎስ አንጀለስ የነበረው ኮሌጃቸውም የኤም.ዲ. ትምህርት ቤት ሆነ፤ አዲስ የዲ.ኦ. ፈቃድ መስጠትም ተከለከለ። በመላ አገሪቱ የቀሩት አምስት ኮሌጆች ብቻ ነበሩ። ይሁንና ድርጊቱ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። በ65 ዶላርና በአንድ ወረቀት ኤም.ዲ. መሆን ከተቻለ፣ በሁለቱ ሥልጠናዎች መካከል ያን ያህል ልዩነት አለ ብሎ መከራከር አስቸገረ። በ1966 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ዲ.ኦ.ዎች በሠራዊቱ ሐኪምነት እንዲቀጠሩ ፈቀዱ፤ በ1974 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ግዛት በሩን መልሶ ከፈተ። አምስት የነበሩት ኮሌጆች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል።

ትምህርቱ

ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል። አናቶሚው፣ ፊዚዮሎጂው፣ ፋርማኮሎጂው፣ የክሊኒክ ልምምዱ ከኤም.ዲ. ጋር አንድ ነው። ልዩ የሚያደርገው ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋው የእጅ ምርመራና ሕክምና ሥልጠና ነው። በልምምድ ክፍሉ አንዱ ተማሪ በደረቱ ይተኛል፤ ጓደኛው አውራ ጣቶቹን በአከርካሪው ግራና ቀኝ አሳርፎ አጥንቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይወርዳል። የሚፈልገው የጡንቻውን መጠንከር፣ የግራና የቀኙን አለመመጣጠን፣ የእንቅስቃሴን ማነስና ሲነካ የሚሰማ ሕመምን ነው። አንዱ ወገን ጎላ ብሎ ካገኘው ጓደኛውን ቀና በል፣ ከዚያም ጎንበስ በል ይለዋል፤ ጉብታው በየትኛው እንደሚጠፋ አይቶ አጥንቱ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ መታጠፍ እንደተሳነው ይወስናል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ወጌሻን ሊያስታውስ ይችላል፤ ልዩነቱ ይኸው ሰው ነገ ልብ የሚከፍት ቀዶ ሐኪም ሊሆን መቻሉ ነው።

ሁለት ፈታኞች አንድን ጀርባ ዳስሰው አንድ ዓይነት ነገር ያገኛሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል። ሲነካ የሚሰማ ሕመም ላይ ስምምነቱ የተሻለ ነው፤ የእንቅስቃሴና የአለመመጣጠን ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ይህ ለመምህራኑ ትልቅ ፈተና ነው። የስቲል ተማሪ የነበረው ዊልያም ሰዘርላንድ ያስጀመረው የራስ ቅል አጥንቶችን በእጅ የመዳሰስ ዘዴ ከሁሉም ደካማ ማስረጃ ያለው ሆኖ ሳለ አሁንም ይሰጣል፤ ሊቆም ይገባ ነበር።

ሬዚደንሲ

ለረጅም ጊዜ ዲ.ኦ.ዎች የራሳቸው ሬዚደንሲዎች (ከምረቃ በኋላ የሚሰጡ የስፔሻሊቲ ሥልጠናዎች) እና የራሳቸው የምደባ ሥርዓት ነበራቸው፤ እነዚያም ለኤም.ዲ. ምሩቃን ዝግ ነበሩ። በ2014 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ከሐምሌ 2015 እስከ ሰኔ 2020 ድረስ የኦስቲዮፓቲክ ፕሮግራሞች ኤሲጂኤምኢ በተባለው አንድ የእውቅና ሰጪ አካል ሥር ገቡ። አዲሱን መስፈርት ማሟላት ያልቻሉ፣ በተለይም ትናንሽ ሆስፒታሎች ውስጥ የነበሩ ፕሮግራሞች ተዘጉ። አጠቃላይ ውጤቱ ግን ተማሪዎች ከፈሩት የተሻለ ሆኗል። በ2025 ምደባ ከዲ.ኦ. ተማሪዎች 92.6 ከመቶው የመጀመሪያ ዓመት የሥልጠና ቦታ አግኝተዋል፤ የአሜሪካ ኤም.ዲ. ተማሪዎች ድርሻ 93.5 ከመቶ ነበር።

ልዩነቱ የሚታየው ስፔሻሊቲዎቹን ለይቶ ለሚመለከት ሰው ነው። በቤተሰብ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌና በድንገተኛ ሕክምና ዲ.ኦ.ዎች በብዛት ይገባሉ፤ በነርቭ ቀዶ ሕክምና፣ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናና በቆዳ ሕክምና ግን አሁንም ጥቂት ናቸው። አንዱ ምክንያት ፈተና ነው። ዲ.ኦ. ተማሪ ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገው ኮምሌክስ የተባለው ፈተና ብቻ ነው፤ የብዙ ፕሮግራም ኃላፊዎች ግን የለመዱት የኤም.ዲ.ዎቹን ዩኤስኤምኤልኢ ስለሆነ ተማሪው ሁለቱንም አጥንቶ፣ ለሁለቱም ከፍሎ ይፈተናል። በ2022 የሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ነጥብ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆነ። ውድድሩ ግን አልቀረም፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ፈተናና ወደ ምርምር ጽሑፍ ተዛወረ። እዚህ ላይ የዲ.ኦ. ተማሪ ከመነሻው ይጎዳል። አብዛኞቹ ኮሌጆች የራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታል የላቸውም፤ ተማሪዎቹ በሦስተኛው ዓመት በየከተማው ባሉ የማኅበረሰብ ሆስፒታሎች ይበተናሉ። ላቦራቶሪም ሆነ ትልቅ የምርምር ቡድን አጠገባቸው የለም። ከፌዴራል የምርምር ገንዘብ የሚደርሳቸውም እጅግ ትንሽ ነው። ኮሌጅ መክፈቱ ከክሊኒክ ማስተማሪያ ቦታ እየቀደመ መሄዱ የዘርፉ ዋና ችግር ነው።

ምርምሩ ምን ያሳያል

ስለ እጅ ሕክምናው በ1999 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት የወገብ ሕመምተኞችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ በእጅ የታከሙትም በተለመደው መንገድ የታከሙትም በእኩል መጠን መሻላቸውን፣ የመጀመሪያዎቹ ግን ያነሰ መድኃኒት መውሰዳቸውን አገኘ። በ2021 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በ400 ሕመምተኞች ላይ የእጅ ሕክምናውን ከማስመሰያ ሕክምና ጋር አነጻጽሮ ያገኘው ልዩነት ሕመምተኛው ሊሰማው የማይችል ያህል ትንሽ ነበር። ስለ ሐኪሞቹ ብቃት ግን መልሱ ግልጽ ነው፦ በ2023 የወጣና አረጋውያን ሆስፒታል የተኙባቸውን ከ329,000 በላይ አጋጣሚዎች የያዘ ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በኤም.ዲ.ዎች እጅ 9.4፣ በዲ.ኦ.ዎች እጅ 9.5 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ልዩነት የለም ማለት ነው።

እኩልነቱ ሲረጋገጥ የእጅ ሕክምናው ራሱ እየሳሳ መጥቷል። ለ10,000 ዲ.ኦ.ዎች ተልኮ በ2021 ውጤቱ በታተመ መጠይቅ፣ ከመለሱት 57 ከመቶ ያህሉ በእጅ የሚያክሙት ሕመምተኛ የላቸውም። ምክንያቶቹ ጊዜ ማጣት፣ የክፍያ ጉዳይና በሬዚደንሲ ዓመታት የሚያለማምድ መምህር አለመኖር ናቸው። ሁለት መቶ ሰዓት የተማረ እጅ ሦስት ዓመት ሳይሠራበት ከቆየ ይረሳል። ለዚህ ኤሲጂኤምኢ «ኦስቲዮፓቲክ እውቅና» የሚባል ተጨማሪ ፈቃድ አለው፤ ይህን የያዙ ፕሮግራሞች የእጅ ሕክምናን በሬዚደንሲም ማስተማር አለባቸው። በነዚህ ፕሮግራሞች የቅድሚያ ዝግጅቱን ያሟሉ ኤም.ዲ.ዎችም ሊሠለጥኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ተመርቆ የአሜሪካን ፈተና ያለፈ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ቀደም ሲል ዝግ ለነበሩበት ቦታዎች ዛሬ ማመልከት ይችላል።