በክር ላይ የተጻፈው ቁጥር

በሁለት ጨርቆች መካከል ጥጥ አንጥፎ ሦስቱን በመኪና አንድ ላይ የሚሰፋ ሰው አስቀድሞ ክር ይመርጣል። በጥቅሉ ላይ 40 ወይም 50 የሚል ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን ያውቃል። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 በብሪታንያ ላይ የንግድ እገዳ ባወጀ ጊዜ የስኮትላንዷ ፔዝሊ ከተማ ሸማኔዎች ሐር አጡ። ድሩን የሚያነሣውና የሚጥለው የመሥሪያቸው ገመድ ከሐር የተሠራ ነበርና። በዚህ ጊዜ የክላርክ ቤተሰብ የጥጥ ፈትል አክርሮና አለስልሶ ተካው። ይኸው ክር ውሎ አድሮ ለልብስ ስፌት በእንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይሸጥ ጀመር፤ ባዶውን እንጨት ለመለሰም ግማሽ ፔኒ ይመለስለት ነበር። (ጠርሙስ መልሰን ሳንቲም የተቀበልን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም።)

ያ ክር ሦስት ፈትል ነበር። ቁጥሩም የፈትሉ ነው፤ አንድ ፓውንድ በሚመዝን ጥጥ ውስጥ እያንዳንዱ 840 ያርድ የሆነ ስንት ልቃቂት እንደሚገኝ ይናገራል። ለእጅ ስፌት ይህ በቂ ነበር፤ ክር ቢሻክርባት ሰፊዋ ሰም ትቀባዋለች፣ እጇን ታዘገያለች። ኤልያስ ሃው በ1846 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዓይነት መኪና ግን አይታገሥም። ክሩ በጨርቁ ውስጥ ከመተኛቱ በፊት በመርፌው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ወጣ ገባ ከሆነ ይበጠሳል። ስለዚህ መኪናው ወደየቤቱ የገባው በብረቱ ብልሃት ብቻ ነው የሚለውን የተለመደ ትረካ እኔ አልቀበለውም። በ1860ዎቹ ጆርጅ ክላርክ በአሜሪካ ያስፋፋው ባለ ስድስት ፈትል ክር ድርሻ አለው፤ ሁለት ሁለት ፈትል ተገምዶ፣ ሦስቱ ጥንድ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይከርራል። የእኛም ፈታዮች ለድር የሚሆነውን አክርረው የሚፈትሉት ጥንካሬው ከመክረሩ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

እነሆ ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ገዢዎች የለመዱት ቁጥር እንዳይለወጥባቸው፣ 40 የተባለው አዲሱ ክር ከ80 ቁጥር ስድስት ፈትል ተሠራ። ውፍረቱ የቀድሞው ሆኖ ቀረ፤ ቁጥሩ ግን ከፈትሉ ተለያየ።

ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1810 ተሰፋ የሚባል ብርድ ልብስ ቀርቦልን ክሩን ብንተረትረውና ስድስት ፈትል ብናገኝ፣ ወይ ዘመኑ ተሳስቷል ወይ ኋላ ተጠግኗል። ጨርቅ ዓመታት በሣጥን ተቀምጦ ሊሰፋ ይችላልና ብቻውን ምስክር አይሆንም። ክር ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ስፌቱ ሊጀመር ሲል ነው። የፖሊስተር ክር ከተገኘማ ክርክሩ ያጥራል፤ ፖሊስተር በእንግሊዝ የተፈለሰፈው በ1941 ነው። እኔ ብርድ ልብስ ስመረምር ከመሃሉ በፊት ዳሩን የማየው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀውም፣ ቶሎ የሚጠገነውም ዳሩ ነው።