የቦኔር ጨውና የቦኔር ጠላቂዎች

ስኩባ ወዳድ ሰው ቦኔር ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ካርታ ነው። ደሴቲቱ ከቬንዙዌላ በስተሰሜን ካሪቢያን ባሕር ላይ የምትገኝ፣ 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት የኔዘርላንድ ግዛት ናት። በምዕራብ ዳርቻዋ የመጥለቂያ ቦታዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት ቢጫ ድንጋይ መንገድ ዳር አለው። ፒክአፕ ትከራያለህ፣ የአየር ታንኮቹን ከኋላ ትጭናለህ፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ታቆማለህ፤ በቃ፣ በእግርህ ወደ ባሕሩ ትገባለህ። ጀልባ መጠበቅ የለም።

ከምኖርበት ከሮተርዳም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄጄ አሥር ቀን ቆየሁ። ካርታው ላይ “ኤንጅል ሲቲ”፣ “አሊስ ኢን ወንደርላንድ”፣ “ፒንክ ቢች” የሚሉ የሽርሽር ስሞች አሉ። ወደ ደቡብ ስትወርድ ግን “ዋይት ስሌቭ” የሚል ይመጣል፤ ከዚያ “ሬድ ስሌቭ”። ነጭ ባሪያ፣ ቀይ ባሪያ። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ስም አይደለም። እኛ ዘንድ “ቀይ” የሰው መልክም ነው፤ “ባሪያ” ደግሞ ዛሬም ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በስልክ “ዛሬ ቀይ ባሪያ ነው የጠለቅነው” ስላት ሦስቴ አስደገመችኝ።

ቀለሙ ግን ከሰው ቆዳ ጋር ግንኙነት የለውም። የጨው ማሳዎቹ በቀለም ስም ይጠሩ ነበር። በ1837 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ረጅም ሐውልት በባሕሩ ዳር ቆመ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ የኔዘርላንድ ባንዲራና የንጉሣዊው ቤተሰብ ቀለሞች። ጨው ሊጭን የመጣ መርከብ ከሩቅ አይቶ የት እንደሚቆም ያውቅበታል። በ1850 ደግሞ ሐውልቶቹ አጠገብ ትንንሽ የድንጋይ ጎጆዎች ተሠሩ። በሩ ወገብ ድረስ እንኳ አይደርስም፤ ጎንበስ ብለህ ሳይሆን ተንበርክከህ ነው የምትገባው። ውስጡ መቆም አይቻልም። ጨው የሚያወጡት ባሪያዎች የሚያድሩት እዚያ ነበር።

የታሪኩ መነሻ ዓሣ ነው ብል አላጋነንኩም። ደቾች ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በጨው አሽተው፣ በርሜል ሞልተው ይሸጡ ነበር። ጨዉን ከፖርቱጋልና ከስፔን ያመጡ የነበሩት ሰዎች ከስፔን ንጉሥ ጋር ጦርነት ሲገቡ በሩ ተዘጋባቸው፤ ጨው ፍለጋ ካሪቢያን ድረስ መጡ። ኩራሳዎን በ1634 ያዙ፣ ቦኔርን በ1636። ስፔኖች ቀድመው በ1513 እነዚህን ደሴቶች “ጥቅም የለሽ” ብለዋቸው ነበር፤ ወርቅ የለማ! ነዋሪዎቹን ካኬቲዮዎችን ግን ጥቅም የለሽ አላሏቸውም፤ ወደ ሂስፓኒዮላ አግዘው ለሥራ አዋሏቸው።

ቦኔር ወንዝ የላትም። ዝናቡ ጥቂት፣ ፀሐዩ የማያባራ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ነው። የባሕር ውሃ ዝቅተኛ ማሳ ላይ ከተለቀቀ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፤ ጨው ይቀራል። የአፋርን ጨው ለሚያውቅ አገሩ አይጠፋውም። ይኸው ድርቀት ነው ጠላቂውንም ያመጣው፤ ወንዝ አፈር ይዞ ስለማይገባ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ኮራሉም ከዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ይጀምራል። እዚያ ያየሁት ውበት ሁሉ ባሪያው ሲቃጠልበት ከዋለው ፀሐይ ጋር አንድ ምንጭ አለው። ይህን ካወቅሁ በኋላ “ገነት” የሚለው የቱሪስት ቋንቋ አይዋጥልኝም።

ሥራው እንዲህ ነበር፤ የደረቀውን ጨው በመሣሪያ መስበር፣ መከመር፣ ከዚያ ወደ ጀልባ ማጓጓዝ። ሴቶች በራሳቸው ተሸክመው ያመላልሱ ነበር። የነጩ ጨው ነጸብራቅ ዓይን ይጎዳል፤ ጨዉ ቁስል ያቃጥላል። በፓፒያሜንቱ ቋንቋ “ካቲቡ ዲ ሬይ” ይባሉ ነበር፣ የንጉሥ ባሪያዎች፤ ባለቤታቸው መንግሥት ስለነበረ። ቤተሰባቸው የሚኖረው በሰሜን፣ ሪንኮን በምትባለው መንደር ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ያህል በእግር ሄደው ቤታቸው ያድራሉ፤ ከዚያ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። እኔ በፒክአፕ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። በመንገዱ ላይ ባለቤት አልባ አህዮች ይቆማሉ፤ ጨውና ሌላ ሸክም እንዲሸከሙ የመጡ አህዮች ዘሮች ናቸው።

ኔዘርላንድ በካሪቢያን ባርነትን ያስቀረችው ሐምሌ 1 ቀን 1863 ነው። ጎጆዎቹ ለባሪያ ማደሪያ ያገለገሉት እንግዲህ አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። (የእኛ አገር ሕግ በ1942 ነው የወጣው፤ በሌላው ለመፍረድ ከመቸኮሌ በፊት ይህን ቁጥር አስታውሳለሁ።) ነፃ ጉልበት ሲጠፋ ጨዉ ለመንግሥት አላዋጣም፤ መሬቱ ተሸጠ፤ ብዙ ወንዶች መርከበኛ ሆኑ፣ በኋላም ኩራሳዎና አሩባ ወደሚገኙት የነዳጅ ማጣሪያዎች ሄዱ።

ጠላቂ የመጣው በዚህ ባዶነት ላይ ነው። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በ1939 ገና ስኩባ ሳይኖር፣ ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ በኩራሳዎና በቦኔር ውሃ ውስጥ ፎቶ አነሳ። በጦርነቱ ጊዜ ደሴቲቱ ላይ የጀርመን ዜጎች የታሰሩበት ካምፕ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ካምፑ ሆቴል ሆነ። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅሁም። በ1962 ዶን ስቱዋርት የሚባል አሜሪካዊ በሸራ መርከብ መጣና ቀረ፤ ሁሉም “ካፒቴን ዶን” ይለዋል። መጀመሪያ ዓሣ በጦር ይወጋ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላ ግን መልሕቅ ኮራል እንዳይሰብር ቋሚ የጀልባ ማሰሪያ ካስተከሉት ዋነኛው ሆነ። በጦር ማደን በ1971 ተከለከለ። በ1979 በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት የተጠበቀ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ጓንት ማድረግ እንኳ አይፈቀድም፤ ጓንት ያደረገ እጅ ኮራል ይነካል ተብሎ ነው።

በሬድ ስሌቭ ጠልቀን ወጥተን ስናርፍ አንድ ቱሪስት እርጥብ የመጥለቂያ ልብሱን በአንዱ ጎጆ ጣሪያ ላይ አሰጣ። ከእኛ ጋር የነበረው አስጎብኚ የሪንኮን ልጅ ነው። ሄዶ ልብሱን አነሳና ለሰውየው ሰጠው። “ታች ምንም አልነካህም አይደል?” ብሎ ጠየቀው። ሰውየው “አልነካሁም” አለ። “እንግዲህ እዚህም” አለው፣ ሌላ አልጨመረም።

ጨዉ ግን አልቆመም። በ1960ዎቹ ሥራው በማሽን እንደገና ተጀመረ፤ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ሐምራዊ ኩሬዎችና ነጭ የጨው ተራሮች ይታያሉ፣ ፍላሚንጎዎቹም እዚያው የተከለለ ቦታ አላቸው። ጨዉን ወደ መርከብ የሚወስደው ማጓጓዣ የቆመባቸው የብረት ምሰሶዎች ውሃ ውስጥ በስፖንጅና በብርቱካናማ ኮራል ተሸፍነዋል፤ የዓሣ መንጋ በመካከላቸው ይዞራል፤ ከአሥሩ ቀን ያየሁት ምርጡ ቦታ ይህ ነው። መጥለቅ የሚቻለው መርከብ በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው። መርከብ የመጣ ቀን ማጓጓዣው ይንቀሳቀሳል፣ ጠላቂውም ታንኩን ጭኖ ወደሚቀጥለው ቢጫ ድንጋይ ይሄዳል።