ብርድ የሚያቆየው መንጋ

ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ገና ከዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ከጅቡቲ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ድሬዳዋ ሊያርፍ ሲቃረብ ከአንበጣ መንጋ ጋር ተላተመ። ነፍሳቱ የፊት መስታወቱን ሸፍነው አብራሪዎቹን እይታ ነሷቸው። አውሮፕላኑ ወደ አዲስ አበባ አቅንቶ በሰላም አረፈ።

ድሬዳዋ ለአንበጣ አዲስ አይደለችም። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ከግርጌው ሲቀር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወዲህ ሞቃቱ ቆላ፣ ወዲያ ብርዳማው ደጋ። ከበረሃ የሚመጣ መንጋም የሚጋጠመው ከዚሁ ተራራ ጋር ነው።

ገበሬው ጥንት በእጁ የነበረው ቆርቆሮ፣ ጅራፍና ጭስ ነበር። እነዚህ መንጋውን ያስነሡታል እንጂ አያጠፉትም፤ ከአንዱ ማሽላ ተባርሮ የጎረቤት ማሽላ ላይ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አወደመ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ ሊመግብ የሚችል እህል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የአካባቢው አገሮች ተስማምተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን አቋቋሙ፤ ድሬዳዋም ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች።

የመከላከሉ ሥራ የተመሠረተው በአንበጣው ደመ ቀዝቃዛነት ላይ ነው። ሌሎች ብርዱን የሚያልፉበት መላ አላቸው፤ በአላስካ የሚኖር አንድ የእንቁራሪት ዝርያ ገላው በረዶ ሆኖ፣ ልቡም ቆሞ ይከርማል፤ ሲሞቅ ይነሣል። በሰሜን ቻይና ያለው የአንበጣ ዝርያ ደግሞ ክረምቱን በእንቁላል ሆኖ አፈር ውስጥ ያሳልፋል። የበረሃ አንበጣ ሁለቱንም አልታደለም። ያለው ፀሐይ ብቻ ነው።

ሲመሽ ግራርና ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል፣ ሌሊቱንም እዚያው ደንዝዞ ያድራል። ሲነጋ ወደ መሬት ይወርድና ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቆማል። ገላው ካልሞቀ ክንፉ አይታዘዝለትም፤ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መንጋው አይነሣም። አሳሾች ማምሻውን ያረፈበትን ቦታ አይተው ያሳውቃሉ፤ የፀረ ተባይ ርጭቱም በማግስቱ መንጋው ሳይነሣ ማለዳ ይደርሳል። እነዚያ ጥቂት ሰዓታት ካመለጡ፣ መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል።

ብርዱ ግን ለሰው ብቻ አያደላም። ክንፍ ያወጣው ወጣት አንበጣ መልኩ ሮዝ ነው፤ ሙቀትና ዝናብ ሲያገኝ በጥቂት ሳምንታት ቢጫ ሆኖ ለእንቁላል ይደርሳል። በደጋው ጠርዝ ብርድ ከያዘው ግን ለወራት ሮዝ እንደሆነ ይቆያል። አይራባም፣ አይሞትምም፤ ዝናብና ሙቀት ይጠብቃል። የሐረርጌ ገበሬ በበጋ ያየው ሮዝ መንጋ ለበልግ ስጋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ መንጋው የሚያድረው መኪና በማይደርስበት ገደላገደል ላይ ሊሆን ይችላል። እዚያ ማለዳ የሚደርሰው አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ነው፤ ማረፊያ ያላት ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የምትመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።