አርማ 3

አርማ 3 በቼክ ሪፐብሊክ የሚገኘው ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የሠራው ወታደራዊ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በይፋ የወጣው መስከረም 2 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2013) ነው።  ጨዋታው እውነተኛ ጦርነትን በቅርብ በመምሰሉ ይታወቃል፤ በዚሁ ምክንያት ምስሎቹ በተደጋጋሚ እንደ ዜና ተሰራጭተዋል።

አጨዋወት

ጨዋታው የሚካሄደው በዋናነት አልቲስ እና ስትራቲስ በተባሉ ልብ ወለድ ደሴቶች ላይ ነው። የተቀረጹትም የግሪክን ሌምኖስ እና አጊዮስ ኤፍስትራቲዮስ ደሴቶች መሠረት አድርገው ነው። አልቲስ ብቻውን 270 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጥይት በርቀት እየዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ከባድ ሸክም የያዘ ወታደር ቶሎ ይደክማል፤ አንድ ጥይትም ሊገድል ይችላል።

ተወዳጅነት

ብዙ ተጫዋቾችን የሚስበው ከተኩሱ ይልቅ ዕቅዱና የቡድን ሥራው ነው። ተጫዋቾች አዛዥ፣ ሐኪም፣ አብራሪ እየሆኑ ተልእኮን በጋራ ይፈጽማሉ። ከዚህም ሌላ ማንኛውም ተጫዋች የራሱን ተልእኮ ማዘጋጀት፣ ሞድ የሚባሉ ተጨማሪዎችን በመጫንም የየአገሩን የደንብ ልብስ፣ ታንክና አውሮፕላን ማስገባት ይችላል።

በመገናኛ ብዙኃን

ይህ ነፃነት ማንኛውንም ጦርነት አስመስሎ ለመቅረጽም ያስችላል። ችግሩ ከአርማ 3 በፊትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የብሪታንያው አይ ቲ ቪ ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የአርማ 2 ምስል የአየርላንድ ታጣቂዎች በ1988 የቀረጹት ሆኖ ታየ። የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በ2012 ጣቢያው ደንብ መጣሱን ወሰነ። በ2022 ከዩክሬን፣ በ2023 ደግሞ ከጋዛ ጦርነት ጋር ተያይዘው የአርማ 3 ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭተዋል።

ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ በኖቬምበር 2022 ባወጣው መግለጫ፣ አንድ ቪዲዮ ሲወርድ ሌሎች ስለሚጫኑ ማስወረድ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ገልጾ የሚከተሉትን የመለያ ምልክቶች ዘርዝሯል።

• የምስሉ ጥራት በጣም ዝቅተኛ መሆኑ
• ካሜራው ከልክ በላይ መንቀጥቀጡ
• ትዕይንቱ ብዙ ጊዜ በጨለማ መሆኑ
• ድምፅ አለመኖሩ
• የሚንቀሳቀሱ ሰዎች አለመታየታቸው
• የጭስ፣ የእሳትና የአቧራ አኳኋን ተፈጥሯዊ አለመምሰሉ

አብዛኞቹ ምልክቶች የሚመነጩት ከደባቂው ዘዴ ነው፤ ጥራት፣ ብርሃንና ድምፅ ሲቀነሱ ጨዋታውን ከእውነተኛ ምስል የሚለዩት ጉድለቶች ይሸፈናሉ። ስለዚህ የደበዘዘ ምስል የእውነተኛነት ማስረጃ አይደለም። በአንጻሩ አንዳንድ እውነተኛ የጦር ሜዳ ቪዲዮዎችም ደብዛዛ በመሆናቸው፣ ምልክቶቹ ብቻቸውን ቪዲዮው ሐሰት መሆኑን አያረጋግጡም። የተቀረጸበትን ቦታና ቀን ማጣራት ያስፈልጋል።

የጦርነት ሕግ

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመተባበር ስለ ጦርነት ሕግ የሚያስተምር ተጨማሪ ክፍል አውጥቷል። በዚህ ክፍል ተጫዋቹ የተቀበሩ ፈንጂዎችን የሚያመክን የረድኤት ሠራተኛ ሆኖ፣ ጦርነት በአንዲት መንደር ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይመለከታል።