የላይኛው የመንጋጋ ጥርስ በማስተካከያ መሣሪያ የሚንቀሳቀስበት አሠራር

በሸካ ዞን በጌጫና በአካባቢው የሚኖሩ ወላጆች የልጃቸውን ጥርስ በሽቦ ለማሳከም ከመወሰናቸው በፊት የሕክምናውን አሠራር ማወቃቸው ጠቃሚ ነው። ሕክምናው ረዥም ጊዜና ተደጋጋሚ ጉዞ ይጠይቃል።

ጥርስ ከአጥንት ጋር የተያያዘው በቀጫጭን ጅማቶች ነው። መሣሪያው ቀላልና የማያቋርጥ ግፊት ሲያሳድር ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። ጥርሱ በዚህ መልክ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሽቦውን ከልክ በላይ ማጥበቅ ሥራውን አያፋጥንም፤ እንዲያውም የደም ዝውውርን አግዶ ያዘገየዋል፣ የጥርሱንም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ቋሚ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ ይበቅላል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሥሮች ስላሉት ከፊት ጥርስ ይልቅ ለማንቀሳቀስ ያስቸግራል። ከፊቱ ያለው የወተት ጥርስ ያለጊዜው ከተነቀለ ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተትና ኋላ የሚበቅሉት ጥርሶች መውጫ ያጣሉ። በመሆኑም የተቦረቦረ የወተት ጥርስ «ወዲያውም ይወልቃል» ተብሎ ሊናቅ አይገባም። ከተነቀለም ባለሙያው ቦታውን የሚጠብቅ አነስተኛ መሣሪያ ሊያደርግለት ይችላል፤ ይህም ኋላ ጥርሱን ከመግፋት እጅግ ይቀላል። «ግግ» ነው በሚል የሕፃናትን ድድ መቅደድም ያልበቀለውን የክራንቻ ጥርስ ስለሚጎዳ ሊወገድ የሚገባው ጎጂ ልማድ ነው።

ወደ ፊት የመጣን የመንጋጋ ጥርስ ወደ ኋላ ለመመለስ ከራስ ወይም ከአንገት ጀርባ የሚታሰር መሣሪያ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይደረጋል፤ አለዚያም በአጥንት ላይ ትንሽ ብሎን ተተክሎ ከእርሱ ይሳባል። ላይኛው መንጋጋ ጠባብ ሲሆን ደግሞ በላንቃ ላይ የሚገጠም ማስፊያ አለ። ይህ በማደግ ላይ ባሉ ልጆች የላንቃውን መሐል መጋጠሚያ ስለሚከፍት ጥርሶቹ አጥንቱን ይዘው ወደ ጎን ይሰፋሉ።

ክትትሉ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ሲሆን ጠቅላላ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ይወስዳል። ተገልጋዮች በመጀመሪያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርበው መመርመርና የሪፈር ወረቀት መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጠቅላላ ክፍያውን፣ የቀጠሮውን ብዛትና ሽቦ በመሐል ቢሰበር የት እንደሚጠገን መጠየቅ መብታቸው ነው። ሽቦው ከወጣ በኋላም ጥርሱ እንዳይመለስ የሚይዘውን መሣሪያ በታዘዘው ጊዜ ልክ ማድረግ ያስፈልጋል።