ትምህርቱ ሲዘጋ፣ ወሎ ሲራብ

የአክስቴ ልጅ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ለመመረቂያ ጽሑፏ ያዘጋጀችውን መጠይቅ ይዛ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለው ካያታችን ቤት መጣች። «ሙሉ ስም» ብላ ገና ስትጀምር አያታችን ሣቁ። የልጅ ልጃቸው ስማቸውን መጠየቋ አስቋቸው መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው። «ስሜን በወረቀት የጠየቀኝ ሰው አንድ ጊዜ ገድሎኛል» አሉን።

በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ በከዳ ጊዜ አያቴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከአምባሰል ወርደው፣ አውራ ጎዳናው ዳር ከተሠራ መጠለያ ደረሱ። መዝጋቢው ሰልፉ ረዝሞበት ኖሮ፣ ከኋላቸው የቆመውን ሰው አባታቸው አድርጎ ጻፈ። ከሳምንታት በኋላ እውነተኛው አባት ልጃቸውን ፍለጋ መጡ። መዝገቡ ተገለጠ፤ «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» ተባሉ። በዚያን ጊዜ «የለም» ማለት ሞተች ማለት ነበር። አባት አገራቸው ገብተው ለቅሶ ተቀመጡ።

አያቴ ደሴ ከሰው ቤት ተቀጥረው ሁለት ዓመት ኖሩ። ያገናኛቸው መዝገብ ሳይሆን የሰፈሩ ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነው። የማን ልጅ እንደሆኑ ጠይቆ፣ ለገበያ ለሚመጡ የአምባሰል ሰዎች ሲነግር ሲነግር ወሬው አገር ቤት ደረሰ። አባትየው ግን ቀድመው አርፈው ነበር።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ስም አጣርቶ የሚጽፍ፣ የተበተነ ቤተሰብ የሚያገናኝ፣ ለዚሁ የሠለጠነ ሰው በአገራችን አልነበረምን?

ነበረ። በተለምዶ ሶሻል ወርክ የምንለው የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959፣ በሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር በተቋቋመ የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የዩኒቨርሲቲው አካል ሆነ፤ ቆይቶም በዲግሪ ማስመረቅ ጀመረ። ሙያው በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከለንደንና ከቺካጎ የድኾች ሰፈሮች የተወለደ ነው። ሶሲዮሎጂ ኅብረተሰቡ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሶሻል ወርክ ይህችን ልጅ ዛሬ ምን እናድርጋት ብሎ ይጠይቃል። የአንዱን ቤተሰብ ጉዳይ መዝግቦ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ እስከ መጨረሻው መከታተል ዋና ሥራው ነው።

ረኃቡ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ዝም አላለም። በ1965 ዓ.ም. መምህራን ወሎ ድረስ ተጉዘው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ሥዕሉ በግቢው ለዕይታ ሲቀርብ ተማሪው ተቆጣ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የተደበቀውን ለዓለም አሳየ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም ተቋቋመ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ወሎ ሠልጥኖ የሚመዘግብ፣ የሚያገናኝና የሚያጽናና ሰው በተጠማበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ትምህርቱም ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ። በ1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረዱ። የዘመኑ እምነት ሥርዓቱ ከተለወጠ ችግሩ አብሮ ይወገዳል የሚል ነበር። እውነትነት አልነበረውም አልልም፤ መሬት የሌለውን ጭሰኛ በምክርና በምዝገባ ብቻ አያድኑትም። ዳሩ ግን ሥርዓት ተለወጠ፣ መሬትም ታወጀ፤ በ1977 ረኃቡ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፍር ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያየ። ትምህርቱ በራሱ ስም፣ በማስተርስ ደረጃ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው።

ታዲያ በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ሥራውን ማን ሠራው? ቅሬ! ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። እስላም ክርስቲያን ሳይል ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፣ ማን ከየትኛው ቤት እንደጠፋ ያውቃል። ደሳለኝ ራህመቶ በአምባሰል ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ጥናትም ገበሬው መጠለያ ደርሶ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ራሱን ለማትረፍ ምን ያህል እንደሚታገል ያስረዳል። የወሎ ሰው በመጠለያ ሰልፍ ብቻ የሚታወቅ አይደለም ማለት ነው።

ቅሬ ግን ወሰን አለው። የሚያውቀው አባሉን ነው፤ ከሌላ አገር ተሰዶ የመጣውን የግድ አያውቅም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ያፈናቀለው የሰሜን ወሎ ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ፣ የሰፈር ሴቶች እንጀራ ተሸክመው ሲገቡ አይቻለሁ። ስም የሚጽፍም ነበረ። በአያቴ ታሪክ ምክንያት አሁን የምጠይቀው ግን ይህን ነው፤ የዚያን መዝገብ ትክክለኛነት ማን አጣራ? ከቅሬው እውቀት ጋርስ ማን አስተያየው? ኮሌጆቻችን ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ላይ ቅሬውን ቢጨምሩ፣ ተማሪውም ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን ለመማር ጥሩምባ ነፊው ዘንድ ቢቀመጥ፣ ሁለቱ የሚጎድላቸውን ይሞላሉ ብዬ አምናለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

ያን ዕለት የአክስቴ ልጅ ስማቸውን እስከ ቅድመ አያት ጽፋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። አያቴ አንድ ፊደል አሳረሟት። ከዚያም፣ «አብሽሪ ልጄ፤ ሁሉንም እንዲህ እያነበብሽ ጻፊ» አሏት።