ፀሐይ መማር ትወዳለች

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአማርኛ የተሠራ የሕፃናት የአሻንጉሊት ቴሌቪዥን ተከታታይ ፕሮግራም ነው። ፈጣሪዎቹ የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ሲሆኑ፣ የተዘጋጀው ሁለቱ በ2005 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ።

ይዘት። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ በእጅ የምትንቀሳቀስ የካልሲ አሻንጉሊት ስትሆን ድምፅዋን የሰጠቻት ብሩክታዊት ናት። ጠያቂዋ ፀሐይ ፊደል፣ ንጽሕና፣ ጤናና መልካም ጠባይ የሚሉትን ጉዳዮች በታሪክና በዘፈን ታነሣለች። የፕሮግራሙ ዒላማ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ናቸው።

ሽልማት። ፕሮግራሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ለትምህርታዊ ሚዲያ የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አገኘ። ብሩክታዊት በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች።

ተመሳሳይ ሥራዎች። በአሜሪካም እንደ ፀሐይ ያሉ የቴሌቪዥን አሻንጉሊቶች ወደ ሙዚቃዊ ሲኒማ ተሸጋግረዋል፤ «ዘ ማፔት ሙቪ» በ1979፣ ከሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ «ሰሳሚ ስትሪት» የተወሰደው «ፎሎው ዛት በርድ» በ1985 እ.ኤ.አ. ለእይታ በቅተዋል።